ፕሌይ ስቶር አልከፍት ሲል ምን እናድርግ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ስልክ ነው። በተለይ «ፕሌይ ስቶር አልከፍት አለኝ» ስለሚባለው ችግር እንነጋገራለን። ችግሩ ብዙ ሰው ይገጥመዋል። ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? ስልኩን ይዘን ወደ ሱቅ እንሮጣለን። ገንዘብ እንከፍላለን። አንዳንዴም የምሥጢር ቁጥራችንን ለማናውቀው ሰው እንሰጣለን። ስልኩ ግን ችግሩን ራሱ ጽፎልን ነበር። እኛ አላነበብነውም።

ማንበብ የተማርነው ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ስልክ የሚጽፈውንም ለማንበብ ነው።

ፕሌይ ስቶር ምንድን ነው?

ፕሌይ ስቶር ገበያ ነው። እህል የሚሸጥበት ገበያ እንዳለ ሁሉ፣ ለስልክ የሚሆኑ መተግበሪያዎች የሚገኙበትም ገበያ አለ። መተግበሪያ ወይም አፕ የምንለው በስልካችን ላይ አንድ ሥራ የሚሠራልንን ነገር ነው። ቴሌግራም አፕ ነው። ኢሞ አፕ ነው። ገንዘብ የምንልክበት ቴሌብርም አፕ አለው።

አንድሮይድ የሚባሉት ስልኮች ገበያ ፕሌይ ስቶር ይባላል። ጉግል የተባለው ኩባንያ ገበያውን የከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ስሙ አንድሮይድ ማርኬት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ጉግል ፕሌይ ተባለ። አይፎን የሚባለው ስልክ ደግሞ የራሱ ገበያ አለው። አፕ ስቶር ይሉታል። እርሱም የተከፈተው በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

አዲስ አፕ ስንፈልግ ስልካችን ወደዚህ ገበያ ይሄዳል። ለመሄድ መንገድ ያስፈልገዋል። መንገዱ ኢንተርኔት ነው። ገበያው በር ላይ ሲደርስ የመታወቂያ ማየት አለ። አፑን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ማስቀመጫ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ ሦስት ነገር እናስታውስ፤ መንገድ፣ በር፣ ቦታ። ፕሌይ ስቶር እምቢ ሲል ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ነው።

የእማማ ስልክ

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጊዜው ግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። እኔ በማስተምርበት የማታ ክፍል አንዲት እናት ይማራሉ። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ይተዳደራሉ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እናትና ልጅ በየእሑዱ በኢሞ እየተያዩ ያወራሉ።

አንድ ቀን የእማማ ስልክ ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ። የወንድማቸው ልጅ አሮጌ ስልኩን አምጥቶ ሰጣቸው። ስልኩ ይሠራል። ኢሞ ግን የለበትም። ኢሞን ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ያስፈልጋል። እማማ ፕሌይ ስቶርን ሲነኩት ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል።

ወደ ስልክ ጥገና ሱቅ ሄዱ። ልጁ 200 ብር ተቀበለ። ነካካውና «እናቴ፣ ይሄ ስልክ አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» አላቸው። እማማ እቁባቸው እስኪደርስ ሊጠብቁ ወሰኑ። አንድ እሑድ አለፈ። ሁለተኛው እሑድም አለፈ። ቤሩት ያለችው ልጅ «እናቴ ምን ሆና ነው?» ብላ ተጨነቀች። ወደ ጎረቤት በውድ ዋጋ ደወለች። እናትየዋ ታመው የተደበቀች መስሏት አለቀሰች።

ሰኞ ማታ እማማ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምነው እማማ? አሞዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አልሆንኩ ልጄ። ይሄ ስልክ ነው ያቃጠለኝ።»

«እስቲ ያሳዩኝ። ምን የሚል ጽሑፍ አወጣልዎት?»

«እኔ ምን አውቄ! እንግሊዝኛ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጽሑፉ «ቼክ ዩር ኮኔክሽን ኤንድ ትራይ አጌይን» ይላል። ግንኙነትዎን አይተው እንደገና ይሞክሩ ማለት ነው። ዳታው ክፍት ነው። ሂሳብም አለው። ታዲያ ምን ሆነ? ቀኑን አየሁ። ስልኩ «ሴፕቴምበር 2017» ይላል።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም። የእማማም አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ለካስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀን መጻፍ ስንማር «ስልካችሁን አውጡና የዛሬውን ቀን አስተካክሉበት» ብዬ ነበር። እማማ ጎበዝ ተማሪ ናቸው። ግንቦት 9ኛው ወር ነው፤ ዓመቱ 2017 ነው፤ እንደ ተማሩት አድርገው ሞሉ። ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 9ኛው ወር ለእርሱ ሴፕቴምበር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ያን ጊዜ ዓመቱ 2025 ነበር። ስለዚህ የእማማ ስልክ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀረ።

ቀን ቢሳሳት ገበያው ለምን ይዘጋል?

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ሁሉ ጠየቁኝ። መልሱ እነሆ።

ስልካችን ገበያው በር ላይ ሲደርስ «አንተ እውነተኛው ፕሌይ ስቶር ነህ ወይስ አታላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ገበያው መታወቂያ ያሳየዋል። ይህ መታወቂያ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው። የተሰጠበት ቀን አለው። የሚያበቃበትም ቀን አለው። ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ለሆኑ አገልግሎቶች የሚሰጥ እንዲህ ያለ መታወቂያ ከ398 ቀን በላይ እንዳያገለግል ታላላቆቹ ኩባንያዎች ወስነው ነበር። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ መታወቂያው ቶሎ ቶሎ ይታደሳል።

አሁን የእማማን ስልክ እናስብ። ስልኩ «ዛሬ 2017 ነው» ብሎ ያምናል። ገበያው ያሳየው መታወቂያ ግን «በ2025 ተሰጠ» ይላል። ስልኩ ምን ይበል? «ይህ መታወቂያ ገና አልተወለደም! ይህ ሰው አታላይ ነው!» ይላል። በሩንም ይዘጋል። ስልኩ ሞኝ ሆኖ አይደለም። እኛን ከሌባ መጠበቁ ነው። የተሳሳተውን ቀን የነገርነው እኛ ነን።

የኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ በስድስት ይለያል። እኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስንል ስልኩ ስምንት ይላል። ስለዚህ የስልኩን ቀንና ሰዓት በኛ አቆጣጠር በእጃችን አንሙላ። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር የኛን ቀን ይነግረናል። ስልኩን በራሱ ቋንቋ እንተወው።

እንዴት ይስተካከላል? ሴቲንግ የሚለውን ክፈቱ። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» ይላል። ውስጡ «ቀን እና ሰዓት» የሚለውን ፈልጉ። እዚያ «አውቶማቲክ» ወይም «በራስ-ሰር» የሚል ቁልፍ አለ። አብሩት። ስልኩ ትክክለኛውን ቀን ከኔትወርኩ ራሱ ይወስዳል። ወስዶ ካልተስተካከለ በፈረንጅ አቆጣጠር በእጅ ሙሉት። የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ ይሁን።

እማማ ይህን በገዛ እጃቸው አደረጉ። ስልኩን አጥፍተው አበሩት። ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ኢሞ ወረደ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም በተማሪዎቼ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማም «አይዞህ፣ አስተማሪም ይማራል» አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ ተያዩ።

ችግሩ ሁልጊዜ ቀን ነው ወይ?

አይደለም። ስለዚህ በተራ እንፈትሽ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሂድ።

አንደኛ፣ ጽሑፉን እናንብብ። እንግሊዝኛ ከሆነ ፊደሉን እንዳለ ወረቀት ላይ እንገልብጥ። ለሚያውቅ ሰው ወረቀቱን እናሳይ። «አልሠራም አለ» ከማለት «ይህን ጻፈ» ማለት ይሻላል። «ኖ ኢንተርኔት» ካለ መንገዱ ተዘግቷል። «ዌይቲንግ ፎር ዋይ-ፋይ» ካለ ዋይ-ፋይ እየጠበቀ ነው። «ኖት ኢናፍ ስቶሬጅ» ካለ ቦታ ሞልቷል። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ብናውቅ ብዙ ችግር ይቀልልናል።

ሁለተኛ፣ መንገዱን እንይ። የአውሮፕላን ምልክት በርቷል ወይ? ከበራ እናጥፋው። እርሱ ሲበራ ኔትወርክ ይቋረጣል። ዳታ ተከፍቷል ወይ? ሂሳብ አለን ወይ? የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆንን *804# ብለን ደውለን ቀሪ ሂሳባችንን ማየት እንችላለን። ጥቅል ለመግዛት ደግሞ *999# አለ። ሌላም ነገር እናስተውል። ለተወሰነ አፕ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል ገዝተን ከሆነ ያ አፕ ይከፈታል፤ ፕሌይ ስቶር ግን ላይከፈት ይችላል። በዚህ ጊዜ ስልኩ አልተበላሸም። የገዛነው ጥቅል ለሌላ ሥራ ነው።

መንገዱ ደህና መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ክሮም በሚባለው ማሰሻ አንድ ነገር ፈልጉ። ከተከፈተ መንገዱ ደህና ነው፤ ችግሩ በሩ ላይ ነው። ካልተከፈተ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ክሮም አንዳንዴ «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» ብሎ ይጽፋል። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የእማማን ታሪክ አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ቀኑን እንይ። ይህን ተምረናል።

አራተኛ፣ ስልኩን አጥፍተን እናብራ። ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይረዳል።

አምስተኛ፣ ቪፒኤን የሚባል አፕ ካለ እናጥፋው። ቪፒኤን ስልካችንን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚወስድ መንገድ ነው። አንዳንዴ ፕሌይ ስቶር በዚያ መንገድ አልገናኝም ይላል።

ስድስተኛ፣ ቦታውን እንይ። ጎተራ ከሞላ አዲስ እህል አይገባም። ስልኩም እንዲሁ ነው። ነፃ ቦታው ከ1 ጊጋባይት በታች ከሆነ ጠቦታል ማለት ነው። የማንፈልገውን ቪዲዮ እናጥፋ። በቴሌግራም የወረዱ አሮጌ ፊልሞች ብዙ ቦታ ይይዛሉ። የቤተሰብ ፎቶ ግን ሳናይ አናጥፋ።

ሰባተኛ፣ የፕሌይ ስቶርን ጥራጊ እንጥረግ። ስልኩ ሥራ ለማፋጠን የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ነገር አለ። ካሽ ይባላል። ይህ ሲበላሽ ፕሌይ ስቶር ግራ ይጋባል። ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። «አፕስ» የሚለውን ክፈቱ። ከዝርዝሩ «ጉግል ፕሌይ ስቶር» የሚለውን ፈልጉ። «ስቶሬጅ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ «ክሊር ካሽ» የሚለውን ንኩ። «አፖቼ ይጠፋሉ ወይ?» ብላችሁ አትስጉ። አይጠፉም። ፎቶም አይጠፋም። የሚጠረገው የገበያው ጥራጊ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ አንድ ሰዓት ጠብቀን እንሞክር። አንዳንዴ ኔትወርኩ ራሱ ይቋረጣል። አንዳንዴም ገበያው ራሱ ይታመማል። ያን ጊዜ ጎረቤታችንን እንጠይቅ። የእርሱም እምቢ ካለ ስልካችን ጤነኛ ነው።

በጣም አሮጌ ስልክ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ አንድሮይድ 4.4 የሚባለው የቆየ ዓይነት ላይ ጉግል ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፕሌይ አገልግሎቱን ማደስ አቁሟል። እንዲህ ያለ ስልክ ለመግዛት ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «አንድሮይዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሌይ ስቶርንም ሻጩ ፊት ከፍታችሁ እዩ።

የማናደርጋቸው ሦስት ነገሮች

አድማጮች፣ አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ፕሌይ ስቶር ባይከፈት የምናጣው አንድ አፕ ነው። ተቻኩለን ስንሳሳት ግን ገንዘባችንን ልናጣ እንችላለን።

አንደኛው፣ የምሥጢር ቁጥር ለማንም አንስጥ። የባንክ ወይም የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር ፕሌይ ስቶርን ለመጠገን አያስፈልግም። በፍጹም አያስፈልግም። በአጭር መልእክት የሚመጣልንን የማረጋገጫ ቁጥርም ጠጋኙ «ንገሩኝ» ቢል አንንገር። ስልክ ተጠግኖ ኪስ ባዶ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው፣ አፕን ከመንገድ አንውሰድ። ፕሌይ ስቶር እምቢ ሲል «እኔ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። የሚልከው ፋይል ኤ-ፒ-ኬ ይባላል። ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም። መልእክታችንን የሚያነብ፣ የባንክ ቁጥራችንን የሚሰርቅ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ማሸጊያው የተቀደደ መድኃኒት ከመንገድ ገዝተን እንውጣለን እንዴ? አንውጥም። ይህም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው፣ «ሁሉንም ልደምስሰው» ሲሉን እሺ አንበል። ይህ «ፋክተሪ ሪሴት» ይባላል። ፎቶው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ አፑ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው። አንድሮይድ 5.1 እና ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ ስልኮች ላይ፣ ከተደመሰሰ በኋላ ስልኩ «ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት አስገቡ» ሊል ይችላል። ይህ የተሠራው ሌባ የሰረቀውን ስልክ እንዳይጠቀምበት ነው። የይለፍ ቃላችንን ካላወቅን ግን በገዛ ስልካችን ውጭ እንቀራለን። የእማማ ስልክ የወንድማቸው ልጅ አካውንት ነበረበት። ቢደመሰስ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ዛሬ የተማርነውን እንከልስ። ፕሌይ ስቶር እምቢ ሲል መጀመሪያ ጽሑፉን እናነባለን። ቀጥለን መንገዱን፣ በሩንና ቦታውን በተራ እንፈትሻለን። ቀኑን በአውቶማቲክ እናደርጋለን። ምሥጢር ቁጥር አንሰጥም። አፕ ከመንገድ አንወስድም። ስልክ አናስደመስስም።

እማማ አሁን ሰፈራቸው ውስጥ የስልክ አዋቂ ሆነዋል። አንዲት ጎረቤታቸው «ፕሌይ ስቶር እምቢ አለኝ» ብላ ብትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ምን ብሎ ጻፈ?» ይሏታል። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ። የተማረ ያልተማረውን ያስተምር።

በሚቀጥለው ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ። ጤና ይስጥልኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፕሌይ ስቶር ምንድን ነው?
2. የእማማ ስልክ ፕሌይ ስቶርን አልከፍት ያለው ለምን ነበር?
3. በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ስንት ዓመት ልዩነት አለ?
4. ጠጋኝ የምሥጢር ቁጥር ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ?
5. የእናንተ ስልክ ቀን ትክክል ነው? አሁን ከፍታችሁ እዩ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።

ለማንበብ መለማመጃ

ስልኬ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን አነበብኩ። ዳታ ክፍት ነው። ሂሳብ አለኝ። ቀኑ ተሳስቷል። ቀኑን አስተካከልኩ። ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ከልጄ ጋር አወራሁ።